ገንዘባችን ከማን ጋር ይውላል?
ኅሊና ያለው ኢንቨስትመንትና የኅብረት ሥራ ማኅበራት

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላትና ለተጋባዥ እንግዶች ከቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የመሠረታዊ ማኅበራት ተወካዮች፣
የተከበራችሁ የዩኒየኑ የሥራ አመራር ቦርድና የቁጥጥር ኮሚቴ አባላት፣
የተከበራችሁ የወረዳና የዞን የሥራ ኃላፊዎች፣
ክቡራትና ክቡራን፤



ዛሬ ጠዋት በዚህ መድረክ ላይ ስለ ምርት፣ ስለ ጥራትና ስለ ገበያ ሰፊ ማብራሪያ ተሰጥቷል። እኔ እንድናገር የተጋበዝሁት ስለ ገንዘብ ነው። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤያችሁ ላይ ሁለት ጉዳዮች ለውሳኔ እንደሚቀርቡ ከቦርዱ ተረድቻለሁ። አንደኛው ከውጭ አገር ማኅበራዊ አበዳሪዎች የቅድመ ፋይናንስ ብድር መውሰድን ይመለከታል። ሁለተኛው የተጠራቀመው መጠባበቂያ ገንዘብ በምን ሥራ ላይ ይዋል የሚለው ነው። ሁለቱ የተለያዩ ቢመስሉም መነሻቸው አንድ ጥያቄ በመሆኑ አያይዤ አቀርባቸዋለሁ።

በአገራችን ወላጅ ልጁ ከማን ጋር እንደሚውል ይጠይቃል። ውሎው ካላማረው ይመክራል፣ ይቆጣል። ስለ ገንዘባችን ውሎ ግን ብዙ ጊዜ አንጠይቅም። «ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» ብለን እናልፋለን። መንገዱ ወዴት እንደሚወስድና ማንን ረግጦ እንደሚያልፍ ሳይጠየቅ ይቀራል። ዛሬ የምንነጋገርበት ኅሊና ያለው ኢንቨስትመንት የተነሣው ይህን ጥያቄ ከጠየቁ ሰዎች ነው።

ነገሩ ምንድን ነው?

በምዕራቡ ዓለም ሚውቹዋል ፈንድ የሚባል አሠራር አለ። ብዙ ሰዎች እንደየአቅማቸው ገንዘብ ያዋጣሉ፤ አንድ ባለሙያ ድርጅት ገንዘቡን ሰብስቦ በልዩ ልዩ ኩባንያዎች አክሲዮንና ቦንድ ላይ ያውለዋል፤ ትርፉም ኪሳራውም በየድርሻቸው ይደርሳቸዋል። ሲዋጣ ዕቁብን ይመስላል፤ ነገር ግን ዕጣ የለውም፣ ያወጡትም ሳይጎድል ለመመለሱ ዋስትና የለም። መምህሩም ሹፌሩም ለጡረታቸው የሚቆጥቡት በዚህ መንገድ ነው።

ታዲያ ከእነዚህ ቆጣቢዎች አንዳንዶቹ «የእኔ ገንዘብ የጦር መሣሪያ ይሠራበታል ወይ? ሕፃናት ይለፉበታል ወይ? ወንዝ ይበከልበታል ወይ?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው በእምነት ማኅበራት ዘንድ የቆየ ነው። ኩዌከር የሚባሉት ክርስቲያኖች እ.ኤ.አ. በ1758 በፊላዴልፊያ ባደረጉት ጉባኤ አባሎቻቸው ባሪያ እንዳይገዙና እንዳይሸጡ ከለከሉ። ዘመናዊው የሥነ ምግባር ፈንድ ደግሞ በቬትናም ጦርነት ወቅት ተወለደ። እ.ኤ.አ. በ1971 በአሜሪካ ሁለት የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ሰዎች «ፓክስ ወርልድ» የሚባለውን ፈንድ መሠረቱ። «ፓክስ» በላቲን ሰላም ማለት ሲሆን፣ ፈንዱም ከጦር መሣሪያ አምራቾች አክሲዮን አይገዛም ነበር። በእንግሊዝ አገርም እ.ኤ.አ. በ1984 ከኩዌከሮች የመነጨው ፍሬንድስ ፕሮቪደንት «ስቲዋርድሺፕ» የሚባል የሥነ ምግባር ፈንድ ከፈተ።

ዛሬ አሠራሩ በሦስት መንገድ ይካሄዳል። የመጀመሪያው መራቅ ነው፤ ከትምባሆ፣ ከጦር መሣሪያ ወይም ከቁማር ገንዘብን ማሸሽ። ሁለተኛው ባለድርሻ ሆኖ በኩባንያው ጉባኤ ላይ መጠየቅና መሞገት ነው። ሦስተኛው ባንክ ወደማይደርስባቸው ሰዎች፣ ለምሳሌ ወደ አነስተኛ አርሶ አደሮች ማኅበራት፣ ገንዘቡን አውቆ መላክ ነው። እኛን በይበልጥ የሚነኩን ሁለተኛውና ሦስተኛው ናቸው።

በጉባኤ ላይ የተነሣ እጅ

ስለ ሁለተኛው አንድ ታሪክ ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ1971 የአሜሪካ ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን የጄኔራል ሞተርስ ባለአክሲዮን ነበረች። በዚያ ዓመት በኩባንያው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ «ጥቁሩ ሕዝብ በአፓርታይድ ከሚሰቃይባት ደቡብ አፍሪካ ውጡ» የሚል የውሳኔ ሐሳብ አቀረበች። በዚያው ዓመት የኩባንያው የመጀመሪያው ጥቁር የቦርድ አባል የሆኑት ቄስ ሊዮን ሱሊቫን ተነሥተው ከራሳቸው ቦርድ በተቃራኒ ሐሳቡን ደገፉ። ሐሳቡ በድምፅ ተሸነፈ።

ይሁን እንጂ ጉዳዩ በዚያ አልቆመም። ሱሊቫን እ.ኤ.አ. በ1977 በደቡብ አፍሪካ የሚሠሩ ኩባንያዎች ሊያከብሯቸው የሚገቡ መመሪያዎችን አወጡ። ጥቁርና ነጭ ሠራተኛ በአንድ አዳራሽ ይብላ፣ ለእኩል ሥራ እኩል ደመወዝ ይከፈል የሚሉ ነበሩ። ዩኒቨርሲቲዎች፣ አብያተ ክርስቲያናትና የጡረታ ፈንዶች ይህን መመዘኛ እየያዙ ኩባንያዎችን ይጠይቁ ጀመር፤ ብዙዎችም አክሲዮናቸውን ሸጡ። እ.ኤ.አ. በ1986 የአሜሪካ ምክር ቤት የፕሬዚዳንቱን ተቃውሞ አልፎ የማዕቀብ ሕግ አወጣ። በዚያው ዓመት ጄኔራል ሞተርስ የደቡብ አፍሪካ ድርጅቱን እንደሚሸጥ አስታወቀ። በ1987 ሱሊቫን ራሳቸው መመሪያው በቂ እንዳልሆነ ገልጸው ኩባንያዎች ጨርሰው እንዲወጡ ጠየቁ። ማንዴላ በ1990 ከእስር ወጡ፤ በ1994 ሁሉም ዜጋ እኩል ድምፅ የሰጠበት ምርጫ ተካሄደ።

አፓርታይድን የጣለው የባለአክሲዮኖች ጥያቄ ብቻ ነው ማለቴ አይደለም። ዋናውን መሥዋዕትነት የከፈለው የደቡብ አፍሪካ ሕዝብ ነው። ነገር ግን በጉባኤ የተነሣ፣ በመጀመሪያው ቀን የተሸነፈ ጥያቄ ከ15 ዓመት በኋላ የት እንደደረሰ ልብ በሉ። በዚያ ጉባኤ ድምፅ የሚቆጠረው በአክሲዮን ብዛት ነው፤ ሺህ አክሲዮን ያለው ሺህ ድምፅ አለው። በእናንተ ጉባኤ ግን ያላችሁ ዕጣ ቢበዛም ቢያንስም፣ በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት የአባል ድምፅ አንድ ነው። እነሱ በብዙ ትግል የሚፈልጉት የመጠየቅ ኃይል በእናንተ እጅ በሕግ ተሰጥቷል።

ገንዘቡ ወደ ማጠቢያ ጣቢያው እንዴት ይደርሳል?

ወደ ሦስተኛው መንገድ ልለፍ። የመኸር ጊዜን ችግር ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ቀይ እሸት ቡና ሲደርስ አርሶ አደሩ ጥሬ ገንዘብ ይፈልጋል። የልጆች ደብተር አለ፣ የለቃሚ ክፍያ አለ። ማኅበሩ ገንዘብ ከሌለው አባሉ እሸቱን ለሰብሳቢ ነጋዴ በተገኘው ዋጋ ይሰጣል። ማኅበሩ ከባንክ ልበደር ሲል መያዣ ይጠየቃል፤ መሬቱ የግል ንብረት አይደለም፣ የማጠቢያ ጣቢያው ማሽንም አርጅቷል።

ማኅበራዊ አበዳሪዎች የገቡት በዚህ ክፍተት ነው። ኦይኮክሬዲት የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1975 በኔዘርላንድ የተቋቋመ ሲሆን፣ እሱም እንደ እናንተ የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። ሐሳቡ የመጣው አብያተ ክርስቲያናት «መጠባበቂያ ገንዘባችን ለድሃው ለምን አይሠራም?» ብለው ከተነጋገሩበት ውይይት ነበር። ለብዙ ዓመታት ለባለድርሻዎቹ የከፈለው ትርፍ በዓመት 2 በመቶ ገደማ ነበር። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1990 የተመሠረተው ሼርድ ኢንተረስት ደግሞ የተራ ቆጣቢዎችን ገንዘብ ሰብስቦ ለፍትሐዊ ንግድ አምራቾች ያበድራል። እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ የተቋቋመው ሩት ካፒታልም በአፍሪካና በላቲን አሜሪካ ለሚገኙ የገበሬ ድርጅቶች ብድር ይሰጣል።

አሠራሩ ቀላል ነው። መያዣው መሬትም ቤትም ሳይሆን ከውጭ ገዢ ጋር የተፈረመው የሽያጭ ውል ነው። ለምሳሌ ዩኒየኑ የ100 ሺህ ዶላር ውል ቢኖረው አበዳሪው 60 ሺህ ዶላር አስቀድሞ ይሰጣል። ዩኒየኑ በዚያ ገንዘብ ከአባላት እሸት ይገዛል፣ አዘጋጅቶ ይልካል። ገዢው ክፍያውን ለአበዳሪው ይልካል፤ አበዳሪው ዋናውንና ወለዱን ቀንሶ ቀሪውን ለዩኒየኑ ያስተላልፋል። ወለዱ በዓመት 10 በመቶ ነው ብንልና ብድሩ 6 ወር ቢቆይ 3 ሺህ ዶላር ይሆናል። ይህ ወጪ የሚያዋጣው አባሉ እሸቱን ለነጋዴ ቢሸጥ ከሚያጣው ዋጋ ያነሰ ከሆነ ነው። ስለዚህ ከመፈረም በፊት ስሌቱ ለጉባኤው በግልጽ መቅረብ ይኖርበታል።

በፍትሐዊ ንግድ ውል ደግሞ ሻጩ ማኅበር ከጠየቀ ገዢው የቡናውን ውል ዋጋ እስከ 60 በመቶ ቅድሚያ እንዲያመቻች ደንቡ ያዛል። ከዋጋው በላይ በአንድ ፓውንድ 20 የአሜሪካ ሳንቲም ለማኅበራዊ ልማት ይከፈላል። 320 ከረጢት፣ ማለትም 19 ሺህ 200 ኪሎ ግራም ቡና በጫነ አንድ ኮንቴይነር ላይ ይህ 8 ሺህ 465 ዶላር ገደማ ይሆናል። የዚህን ጥቅም የዚያ ክፉ ዘመን ያስታውሰናል። እ.ኤ.አ. በ2001 የዓለም የአረቢካ ቡና ዋጋ በፓውንድ ከ50 ሳንቲም በታች ሲወርድ፣ የፍትሐዊ ንግድ ዝቅተኛ ዋጋ ለታጠበ ቡና ከማኅበራዊ ልማት ክፍያው ጋር 1 ዶላር ከ26 ሳንቲም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 በ34 መሠረታዊ ማኅበራት የተቋቋመው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን በዚያ ፈታኝ ወቅት ይህን ገበያ ከፈለጉት የአገራችን ዩኒየኖች አንዱ ነው።

ምጽዋት አይደለም

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። ይህ ገንዘብ እርዳታ አይደለም። ከጀርባው ጡረታዋን የምትቆጥብ መምህርት፣ የምእመናንን አደራ የያዘ ደብር አለ። አነስተኛ ትርፍ ይቀበላሉ እንጂ ገንዘባቸው እንዲጠፋ አልፈቀዱም። በመሆኑም ገንዘቡ ይጠይቃል።

የሚጠይቀውም ይታወቃል። ሒሳባችሁ በየዓመቱ ኦዲት ሆኗል ወይ? የቦርዱ ቃለ ጉባኤ ተሟልቶ ይገኛል ወይ? ለአባሉ በኪሎ ስንት ከፈላችሁ፣ ደረሰኝስ ሰጣችሁ ወይ? በአባልነት መዝገብ ላይ ስንት ሴቶች አሉ፣ ወይስ የባል ስም ብቻ ነው? ቡና ለሚያበጥሩት ሴቶች የቀን ክፍያቸው ስንት ነው? የማጠቢያ ጣቢያው ቆሻሻ ውኃ ወዴት ይፈስሳል?

አንዳንዶቻችን እንዲህ ሲጠየቅ «ፈረንጅ በቤታችን ምን አገባው» እንላለን። ነገር ግን እነዚህን ጥያቄዎች አንድ በአንድ እንያቸው። ከወንዙ በታች የሚኖሩት የእኛው ወገኖች ናቸው፤ ውኃውን የሚጠጡት የእኛው ከብቶች ናቸው። ጎንበስ ብለው የሚያበጥሩት እናቶቻችንና እኅቶቻችን ናቸው። ኦዲቱ ቢዘገይ የሚጠፋው የእኛው ገንዘብ ነው። ጥያቄው ከውጭ መጣ እንጂ መጠየቅ የነበረበት ከዚሁ ከጉባኤያችን ነበር።

ጥንቃቄ የሚያሻቸው ነገሮች

መልካሙን ብቻ ተናግሬ ብሄድ አደራ መብላት ይሆንብኛል።

አንደኛ፣ ኅሊና አለኝ የሚል ሁሉ ኅሊና የለውም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2015 ቮልስዋገን በታወቀ የዘላቂነት መለኪያ ከመኪና አምራቾች ቀዳሚ ተብሎ ነበር። በዚያው ወር የናፍጣ ሞተሮቹ የጭስ ምርመራን እንዲያታልሉ ተደርገው መሠራታቸው ተጋለጠ፤ ወዲያውም ከመለኪያው ተሰረዘ። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ዲ.ደብሊው.ኤስ. የተባለው የጀርመን ፈንድ አስተዳዳሪ ቅርንጫፍ፣ የማኅበራዊና የአካባቢ ጥንቃቄውን አጋንኖ ለደንበኞቹ በመንገሩ በአሜሪካ 19 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ለመክፈል ተስማማ። ስለዚህ አበዳሪ ሲመጣ እኛም እንጠይቀው፤ ወለዱንና የአገልግሎት ክፍያውን በጽሑፍ ይስጠን፣ ከዚህ በፊት ያበደራቸውን ማኅበራት ያገናኘን።

ሁለተኛ፣ የዶላር ብድር በዶላር ይመለሳል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በዶላር ተበድሮ ቡና በዶላር የሸጠ ብዙ አልተጎዳም። በዶላር ተበድሮ በብር የሚሸጥ እህል ወይም ግብዓት የገዛ ግን ዕዳው በእጥፍ ገደማ ይሆንበታል። የውጭ ብድር ያለ ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ እንደማይወሰድም መዘንጋት አይገባም።

ሦስተኛውና ከባዱ የራሳችን ታማኝነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ቡና ዋጋ በድንገት ሲያሻቅብ፣ በኮሎምቢያ አስቀድመው በዝቅተኛ ዋጋ የተዋዋሉ ብዙ አርሶ አደሮች ቡናቸውን ለሌላ ሸጡ። ገበሬው ለምን እንዲህ እንዳደረገ ይገባናል፤ ልጆች አሉት። ዕዳው ግን የቀረው ውሉን በፈረሙት ማኅበራትና ላኪዎች ላይ ነው። መያዣው የሽያጭ ውል ነው ስንል፣ መያዣው የአባሉ ቃል ነው ማለታችን ነው። አባላት ዋጋ ሲወጣ ከማኅበሩ ጎን የማይቆሙ ከሆነ ብድሩን ባይወስዱት ይሻላል። ዩኒየኑም በበኩሉ ዋጋ ሲጨምር ለአባሉ የሚያካፍልበትን አሠራር አስቀድሞ መደንገግ አለበት። ታማኝነት ከአንድ ወገን ብቻ አይጠበቅም።

የራሳችን ገንዘብስ?

አሁን ወደ ሁለተኛው ጉዳይ፣ ወደ መጠባበቂያው ልመለስ። ሕጉ ከተጣራ ትርፍ ላይ መጠባበቂያ እንዲያዝ ያዛል። ከዚያ ውጭ ያለውስ? «ይከፋፈል» የሚል አለ፤ «ባንክ ይቀመጥ» የሚል አለ፤ «መኪና ይገዛ» የሚልም አለ። እኔ የምለው፣ የውጭው ቆጣቢ የሚጠይቀውን እኛም በገንዘባችን ላይ እንጠይቅ ነው።

ይህ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በእምነታቸው ምክንያት ወለድ የማይቀበሉ ወገኖቻችን ለዘመናት ገንዘባቸው ከማን ጋር እንደሚውል ሲጠይቁ ኖረዋል። በ2013 ዓ.ም. ዘምዘም ባንክ የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ባንክ ሆኖ ሥራ የጀመረው ይህ ጥያቄ መልስ በማግኘቱ ነው። በ1997 ዓ.ም. የተቋቋመው የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክም የኅብረት ሥራ ማኅበራት ዋና ባለድርሻ ሆነው ገንዘባቸው መልሶ ለገበሬው እንዲሠራ የታሰበበት ነበር። አሁን ደግሞ በካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 መሠረት የተቋቋመው የኢትዮጵያ የሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. በይፋ ተከፍቷል። ውሎ አድሮ አክሲዮን የሚሸጥ ሰው ወደ ገጠርም መምጣቱ አይቀርም። ያን ጊዜ «ትርፉ ስንት ነው?» ብቻ ሳይሆን «ሥራው ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አባል ያስፈልገናል።

«ይህን ሁሉ ስንጠይቅ ትርፍ አይቀርብንም ወይ?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 ሦስት ተመራማሪዎች ወደ 2 ሺህ 200 የሚጠጉ ጥናቶችን አሰባስበው ነበር። 90 በመቶ ያህሉ የአካባቢ፣ የማኅበራዊና የአስተዳደር ጥንቃቄ የገንዘብ ውጤትን እንደማይጎዳ አሳይተዋል። ይህ ሁልጊዜ ያተርፋል ማለት አይደለም። ቢሆንም መልካም ሥራ የግድ ያከስራል የሚለው ፍርሃት መሠረቱ የላላ መሆኑን ያሳያል።

ማጠቃለያ

ስለዚህ ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ ሦስት ሐሳቦችን አቀርባለሁ።

1. የቅድመ ፋይናንስ ብድር በመጀመሪያው ዓመት ለአንድ ወይም ለሁለት ውል ብቻ፣ በዶላር ለሚሸጥ ምርት ብቻ ይወሰድ። ውጤቱ በመሠረታዊ ማኅበራት ደረጃ ለአባላት ይነገር።

2. ከመጠባበቂያው ውጭ ካለው ትርፍ ጉባኤው የሚወስነው ድርሻ ለማጠቢያ ጣቢያዎች ቆሻሻ ውኃ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ይዋል። ይህ ለወንዙም ለገበያውም የሚከፍል ኢንቨስትመንት ነው።

3. ዩኒየኑ ገንዘቡን የት እንደማያውል የሚገልጽ አንድ ገጽ መመሪያ ያውጣ፤ የቁጥጥር ኮሚቴውም በየዓመቱ ስለ አፈጻጸሙ ለጉባኤው ሪፖርት ያቅርብ። ባልና ሚስት ሁለቱም በአባልነት መዝገብ እንዲሰፍሩ መደረጉም የዚሁ መመሪያ አካል ቢሆን መልካም ነው። ለሥራው የምትለፋ ግን ድምፅ የሌላት ሴት ባለችበት «ኅሊና ያለው ገንዘብ» ብሎ መናገር ይከብዳል።

የወረዳና የዞን ኃላፊዎችንም አደራ የምለው አለኝ። አበዳሪ በመጀመሪያ የሚጠይቀው የኦዲት ሪፖርት ነው። ኦዲቱ በወቅቱ ካልተሠራ ገበሬው ምንም ያህል ቢታመን የሚያስረዳለት ሰነድ የለውም። የአንድ ዓመት የኦዲት መዘግየት የአንድ መኸር ገንዘብ ማጣት ሊሆን ስለሚችል፣ ማኅበራት ተራ ሲጠብቁ ጊዜው እንዳያልፍባቸው ታስቦ ይሠራ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባላል። ይህ ዩኒየን የቆመው በዚሁ እምነት ነው። ሎሚዎቹ ዛሬ በርክተዋል፤ ከማን ጋር እንደሚውሉ መወሰን ደግሞ የእያንዳንዳችሁ አንድ ድምፅ ድርሻ ነው።